የመስኖ ቦይ ግንባታን ሂደትና ጥራት በሳይት ላይ ለመከታተል የሚያገለግል የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በመስኖ ቦይ ግንባታ ላይ በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት፣ በሳይት ኢንስፔክተርነት ወይም በወረዳ የመስኖ ባለሙያነት ለተመደቡ፣ በተለይም ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚይዙ ሰዎች ነው። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አመራሮችም ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል፤ ተቋራጩና አማካሪው ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ከቦዩ ጋር የሚኖሩት እነሱ ናቸውና።

ቦይ ከሌላው ግንባታ የሚለይበትን አንድ ጠባይ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። መንገድ መካከሉ ላይ ቢቋረጥ መኪናው በጎን ዞሮ ያልፋል፤ ውሃ ግን ክፍተት አይሻገርም። ከቦዩ ራስጌ 300 ሜትር ላይ 20 ሜትር ያህል ሳይሠራ ከቀረ፣ ከዚያ በታች ያለው 10 ኪሎ ሜትር ምንም ያህል ተስተካክሎ ቢሠራ አንድ ማሳ አያጠጣም። በሰሜን ሜጫ ወረዳ በመራዊ አካባቢ የሚገኘውን፣ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የታቀደውን የቆጋ መስኖ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ዋና ቦይ፣ የሌሊቱን ውሃ የሚያቆዩት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች፣ ከእነሱ የሚነሡት ሁለተኛ ደረጃ ቦዮች፣ ከዚያም እስከ ማሳው ጫፍ የሚደርሱት ትንንሽ ቦዮች ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው በየቀኑ ራሱን ሁለት ነገር መጠየቅ ይኖርበታል፦ ውሃ ዛሬ ቢለቀቅ ሳይቋረጥ እስከ የት ይደርሳል? ነገ የሚሸፈነውን ሥራ ዛሬ ማን አየው፣ ማንስ ለካው?

አንደኛ፦ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት

ውሉን፣ የሥራ ዝርዝርና መጠን ሰነዱን፣ የቴክኒክ ዝርዝር መግለጫውን እና ንድፎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ። በንድፉ ላይ የሽፋኑ ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትር ተብሎ በሥራ ዝርዝሩ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ልዩነት ሥራ ሳይጀመር በጽሑፍ ካልተፈታ፣ በኋላ በክፍያ ወቅት ሁለቱም ወገን የሚጠቅመውን ሰነድ ይዞ ይከራከራል።

ቀጥሎ የከፍታ መነሻ ነጥቦቹን፣ ማለትም ቤንች ማርኮቹን ያረጋግጡ። ከአንዱ ተነሥቶ በሁሉም በኩል አልፎ ወደ መነሻው የሚመለስ የሌቭል (የከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ልኬት ያስወስዱ። ለእንዲህ ያለ ሥራ የተለመደው የስህተት ገደብ፣ በኪሎ ሜትር የተለካውን ርቀት ካሬ ሥር በ12 አባዝቶ የሚገኘው ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ4 ኪሎ ሜትር ዙር 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቤንች ማርክ በማረሻ የሚነካ ድንበር ላይ፣ በዛፍ ሥር ወይም ከብት በሚውልበት ቦታ ከተተከለ በኮንክሪት ታስሮ ወደማይነካ ቦታ እንዲዛወር ይጠይቁ።

ለዚህ ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ማየት ይሻላል። የቦዩ ቁልቁለት 0.0004 ነው እንበል። ይህ ማለት በ1 ኪሎ ሜትር 40 ሴንቲ ሜትር፣ በ50 ሜትር ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል ማለት ነው። እንግዲህ በ50 ሜትር መጨረሻ ላይ ወለሉ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢሠራ ቁልቁለቱ ወደ ዳገት ተለውጧል። በዓይን ፈጽሞ አይታይም፤ ውሃው ግን እዚያ ይተኛል፣ ደለሉን እዚያ ያስቀምጣል፣ ሣር እዚያ ይበቅላል። በየዓመቱ ገበሬው የሚጠርገው የደለል ክምር አንዳንድ ጊዜ የቀያሹ የ3 ሴንቲ ሜትር ስህተት ነው።

የተፈጥሮውን መሬት ከፍታ በየ20 ሜትሩ፣ በመታጠፊያዎችና በሸለቆዎች ላይ ደግሞ ከዚያ በቀረበ ርቀት፣ ከተቋራጩ ቀያሽ ጋር አብረው ይለኩ፤ ሁለታችሁም በየገጹ ፈርሙ። የቁፋሮና የሙሌት ክፍያ የሚሰላው ከዚህ ልኬት ተነሥቶ ነው። ኤክስካቫተሩ ከገባ በኋላ የቀድሞው መሬት ምን ያህል ከፍታ እንደነበረው የሚመሰክር ነገር አይኖርም።

በመጨረሻም መስመሩን ከራስጌ እስከ ግርጌ በእግር ይሂዱበት፤ ብቻዎን ሳይሆን ከአካባቢው ሽማግሌዎችና የውሃ አባት፣ ማለትም ውሃ አከፋፋይ፣ ካለም ከእሱ ጋር። በክረምት ጎርፍ የሚመጣበትን አቅጣጫ፣ ከብቶች ወደ ወንዝ የሚወርዱበትን መንገድ፣ አፈሩ በበጋ የሚሰነጠቅበትንና ውሃ የሚቋጥርበትን ቦታ ይጠይቋቸው። በንድፉ ላይ የጎርፍ ማሳለፊያ ከልቨርት ያልተያዘበት ሸለቆ ወይም ድልድይ የሌለው የከብት መተላለፊያ ከተገኘ በዚያው ሳምንት ለአማካሪው በጽሑፍ ይቅረብ። የከብት ድልድይ በሌለበት ቦታ ከብት በቦዩ ግድግዳ ላይ ይወርዳል፤ ግድግዳው ደግሞ አንድ በጋ እንኳ አይቋቋምም።

ሁለተኛ፦ ቁፋሮ፣ ሙሌትና ጥቅጠቃ

የቦይ ጥራት ከኮንክሪቱ ይልቅ በአፈሩ ይወሰናል። ኮንክሪቱ ውሃን በተወሰነ ደረጃ የሚከላከል ስስ ቆዳ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ከሥሩ ያለው አፈር ነው። ስለዚህ ከቁጥጥር ጊዜዎ ትልቁን ድርሻ ለዚህ ደረጃ ይስጡት።

ሙሌት የሚያርፍበት መሬት አስቀድሞ ከሣር፣ ከሥርና ከለም አፈር መጽዳት አለበት። የተጸዳው መሬት ሳይታይና ፈቃድ ሳይሰጥበት አንድ ገልባጭ መኪና አፈር እንኳ መራገፍ የለበትም። ለም አፈሩ ሩቅ አይጣል፤ በኋላ የቦዩን ውጫዊ ዳርቻ ለማልበስና ሣር ለማብቀል ይፈለጋል።

አፈሩ መረሬ ወይም ዋልካ ከሆነ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ይህ ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ የተለበሰውን ኮንክሪት በክረምት ያነሣዋል፣ በበጋ ደግሞ ከሥሩ ይርቀዋል። የተለመደው መፍትሔ ጥቁሩን አፈር እስከ ተወሰነ ጥልቀት አውጥቶ በተመረጠ፣ በማያብጥ አፈር መተካት ነው። የጥልቀቱን መጠን ንድፉ ይወስናል፤ የተቆጣጣሪው ድርሻ ጥልቀቱ በትክክል መወጣቱን በሌቭል ለክቶ ማረጋገጥ ነው። በንድፉ ላይ ቀይ አፈር ተብሎ የተመለከተው ቦታ ሲቆፈር ጥቁር ሆኖ ከተገኘ ሥራው እዚያው ላይ ቆሞ ለንድፍ ባለሙያው ይነገር እንጂ በሳይት ግምት አይለፍ።

ሙሌቱ በንብርብር ይሠራል። የእያንዳንዱ ንብርብር ውፍረት ከተጠቀጠቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ይደነገጋል። ተቋራጩ ጊዜ ለመቆጠብ 40 ሴንቲ ሜትር አፍስሶ በሮለር ሲመላለስበት ላዩ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከሥር ያለው 20 ሴንቲ ሜትር ግን እንደፈሰሰ ይቀራል። ይህን ለማወቅ መራቀቅ አያስፈልግም፤ ከዳርቻው ላይ በዶማ ትንሽ ቆርጦ የተቆረጠውን ገጽ ማየት በቂ ነው።

እርጥበቱ እንደ ውፍረቱ ሁሉ ወሳኝ ነው። በላቦራቶሪ የፕሮክተር ሙከራ ለእያንዳንዱ የአፈር ዓይነት ተስማሚ የእርጥበት መጠንና ከፍተኛ ደረቅ እፍግታ (ደረቁ አፈር በአንድ ሜትር ኩብ ሊኖረው የሚችለው ትልቁ ክብደት) ይገኛል። በሳይት ላይ እርጥበቱ ከተስማሚው በ2 ከመቶ በላይ ወይም በታች ከራቀ ሮለሩ ምንም ያህል ቢመላለስ የሚፈለገው አይገኝም። በላቦራቶሪ ከማረጋገጥ በፊት ፈጣን ግምት ለመውሰድ አንድ ጭብጥ አፈር ጨምቀው ይመልከቱ፤ ቅርጹን ይዞ ሲወረወር በጥቂት ቁርጥራጮች ከተሰበረ ተስማሚ ነው፤ ከበነነ ደርቋል፣ ከተለጠፈ ርሷል። ይህ የእጅ ሙከራ ለመጀመሪያ ውሳኔ እንጂ ለክፍያ ማስረጃነት አይሆንም። ለማስረጃነት በሳንድ ኮን፣ ማለትም የተቆፈረን ትንሽ ጉድጓድ ይዘት በደረቅ አሸዋ በሚለካ መሣሪያ፣ የሚለካው የሜዳ እፍግታ ነው የሚያገለግለው፤ ውጤቱም ብዙውን ጊዜ ከፕሮክተሩ ከፍተኛ ደረቅ እፍግታ 95 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ይጠየቃል። የሙከራውን ቦታ ተቋራጩ ሳይሆን እርስዎ ይምረጡ፤ መሃል ላይ ብቻ ሳይሆን በትከሻው ዳርና በመዋቅሮች አጠገብም ይሁን፤ ሮለሩ የማይደርሰው እዚያ ነውና።

በዚህ ነጥብ ላይ ከራሴ የደረሰብኝን ልጻፍ። በአንድ ሳይት ላይ ለስብሰባ ሦስት ቀን ወደ ከተማ ሄጄ ስመለስ 120 ሜትር ያህል ሙሌት ተሠርቶ፣ ተስተካክሎ፣ ለኮንክሪት ዝግጁ ሆኖ ቆየኝ። የየንብርብሩ የሙከራ ወረቀት አልነበረም። ፎርማኑ ሥራው በደንብ መሠራቱን በእርግጠኝነት ነገረኝ፤ የላይኛው ንብርብር ሲለካም አለፈ። ተቆፍሮ እንዲታይ ማዘዝ ነበረብኝ፤ ጊዜው ስለጠበበ አላዘዝሁም። በቀጣዩ ክረምት ዳርቻው ወደ ውስጥ ሰመጠ፣ የኮንክሪቱ ፓነሎችም ከግድግዳው ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተኙ። ከዚያ በታች የነበሩ ገበሬዎች ለበጋው ያዘጋጁት የሽንኩርት ችግኝ ውሃ ሳያገኝ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ የማልደራደርበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ የሚሸፈን ሥራ ሳይታይና ሳይፈተሽ ከተሸፈነ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢመስል ይገለጣል። በውሎች ውስጥም ተቆጣጣሪው ይህን የማዘዝ ሥልጣን ብዙውን ጊዜ በግልጽ ይሰጠዋል። በቦታው በማይኖሩበት ቀን የሚተካዎት ሰው በስም ታውቆ ለተቋራጩ በጽሑፍ ይገለጽ፤ ተተኪ ከሌለ የሚሸፈነው ሥራ ይጠብቅ።

ሦስተኛ፦ የኮንክሪት ሽፋን

ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት የወለሉና የግድግዳው ቅርጽ በንድፉ ልክ ተቆርጦ ከእንጨት በተሠራ መለኪያ በየጥቂት ሜትሩ ይፈተሽ። ከልኩ በላይ የተቆፈረ ቦታ በልቅ አፈር ተሞልቶ መታለፍ የለበትም፤ ወይ በአግባቡ ይጠቅጠቅ፣ ወይ በተቋራጩ ወጪ በኮንክሪት ይሞላ። ደረቅ አፈር የኮንክሪቱን ውሃ ስለሚመጥ ከመፍሰሱ በፊት ውሃ ሳይቋጥር በቀላሉ ይርጠብ።

የአሸዋው ንጽሕና በየጭነቱ ይፈተሽ። አሸዋውን ከውሃ ጋር በመስታወት ዕቃ በጥብጦ፣ ጥቂት ጨው ጨምሮ ለሰዓታት ማስቀመጥ ነው፤ ከንጹሑ አሸዋ በላይ የሚተኛው የደለል ንብርብር በአሸዋው ውፍረት ሲካፈል ከ6 ከመቶ ከበለጠ በኢትዮጵያ ደረጃ መሠረት አሸዋው ይታጠባል ወይም ይመለሳል። ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር አሸዋ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ደለል ቢተኛ 8 ከመቶ ነው፤ አይሆንም።

ድብልቁ በአካፋ ቆጠራ ሳይሆን በመለኪያ ሳጥን ወይም በክብደት ይለካ። ውሃው ከሁሉ በላይ ይጠበቅ፤ ሠራተኛ ኮንክሪቱ እንዲቀለው ውሃ መጨመር ይወዳል፣ ተዳፋት ላይ የፈሰሰ ቀጭን ኮንክሪት ደግሞ ወደ ታች ይወርድና ከላይ 5፣ ከታች 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይደርቃል። ለቦይ ግድግዳ የስላምፕ መጠን፣ ማለትም ትኩሱ ኮንክሪት ሾጣጣው ቅርጽ ሲነሣለት የሚወርድበት ቁመት፣ ከ5 እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በአብዛኛው ይስማማል። የ15 ሴንቲ ሜትር ኪዩቦች በየቀኑ ሥራ ይወሰዱ፤ ከፊሎቹ በ7ኛው፣ ቀሪዎቹ በ28ኛው ቀን ይሰበሩ። ለሲ-25 ኮንክሪት በ28ኛው ቀን የሚጠበቀው 25 ሜጋ ፓስካል ሲሆን በ7ኛው ቀን የዚህ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ካልደረሰ ቀሪውን 3 ሳምንት ሳይጠብቁ ምክንያቱን ይመርምሩ። ኪዩቡ ከማደባለቂያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከሚፈስበት ቦታም ይወሰድ።

ውፍረቱን ለመቆጣጠር ከመፍሰሱ በፊት ልኩ የተመለከተባቸው የብረት ችንካሮች በወለሉና በግድግዳው ላይ ይተከሉ፤ ኮንክሪቱ ሳይደርቅም ምልክት ባለው ምስማር በየቦታው ይወጋ። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ፤ ብዙ ተቆጣጣሪዎች አይጠቀሙበትም እንጂ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይናገራል። ወለሉ 1 ሜትር፣ የሽፋኑ ቁመት 1 ሜትር፣ የጎኑ ተዳፋት 1.5 ለ1 (1 ሜትር ከፍ ሲል 1.5 ሜትር ወደ ጎን የሚሄድ) የሆነ ቦይ ዙሪያው፣ ማለትም ወለሉና ሁለቱ ጎኖቹ ተደምረው፣ 4.6 ሜትር ይሆናል። በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 100 ሜትር ርዝመት 46 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። በሜትር ኩብ 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ ከተያዘ ወደ 166 ኩንታል፣ ማለትም 331 ከረጢት ነው። እንግዲህ በዚያ ሳምንት ከመጋዘን የወጣው ሲሚንቶ 230 ከረጢት ብቻ ከሆነ ወይ ውፍረቱ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ወርዷል፣ ወይ ድብልቁ ቀጥኗል፤ ሦስተኛ ምክንያት የለም። ስለዚህ የመጋዘኑን ወጪ ደረሰኝ በየሳምንቱ ከተሠራው ርዝመት ጋር ያነጻጽሩ።

ፓነሎቹ አንዱን እየዘለሉ ቢፈስሱ ኮንክሪቱ ሲጨማደድ የሚፈጠረው ስንጥቅ ይቀንሳል። በየ3 ሜትሩ ገደማ የሚተዉት መገጣጠሚያዎች በንድፉ በተመለከተው ማሸጊያ፣ በብዛት በሬንጅ፣ ይሞላሉ፤ ከመሞላታቸው በፊት አቧራና አፈር ከውስጣቸው ይጠረግ። አቧራ ላይ የፈሰሰ ሬንጅ በመጀመሪያው ውሃ ተላጦ ይወጣል።

ውሃ ማጠጣቱ ሳይቋረጥ ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ ጥቅም ላይ ከዋለ ደግሞ እስከ 14 ቀን ይቀጥል። በበጋ ነፋስና ፀሐይ በርትቶ በሚውልበት ሜዳ ላይ ጠዋት የጠጣው ኮንክሪት ረፋድ ላይ ይደርቃል፤ ስለዚህ በረጠበ ጆንያ ይሸፈን። ውሃ በቦቴ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ተቋራጩ የቦቴውን ምልልስ ከዕለታዊ ኮንክሪቱ ጋር አብሮ እንዲያቅድ ይጠይቁ። ቦቴ ተበላሸ በሚባልበት ቀን ኮንክሪት አይፍሰስ።

አራተኛ፦ መዋቅሮችና መዝጊያዎች

ማከፋፈያ ሳጥኖች፣ የከፍታ መውረጃዎች፣ ከልቨርቶች፣ የማሳ ማውጫዎች እና መዝጊያዎች በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም ብዙ ጊዜ ይወስዳሉ። እዚህ ላይ ከሁሉ በፊት የሚታየው የማውጫው ደፍ ከፍታ ነው። ደፉ ከንድፉ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተሠራ ውሃው በሚያንስበት ወቅት ከማውጫው ጀርባ ያሉ ገበሬዎች ጠብታ አያገኙም፤ ዝቅ ካለ ደግሞ የታችኛውን ሰው ውሃ ይወስዳል። በውሃ ላይ ከሚነሡት ጠቦች ከፊሎቹ የሚጀምሩት ከዚህ ነውና የእያንዳንዱ ደፍ ከፍታ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊትም፣ ከደረቀ በኋላም በሌቭል ይለካ።

ከመዋቅሩ ጀርባ የሚሞላው አፈር በእጅ በሚያዝ መጠቅጠቂያ ማሽን፣ ከሌላው ቦታ በቀጠነ ንብርብር ይጠቅጠቅ። ውሃ ሾልኮ ቦይ የሚቆርጠው በብዛት መዋቅርና አፈር በሚገናኙበት መስመር ነው። መዝጊያዎቹ ከመገጠማቸው በፊት ተከፍተውና ተዘግተው ይታዩ፤ ከተገጠሙ በኋላም አንድ ሰው ያለ ረዳት ሊያንቀሳቅሳቸው መቻሉ ይረጋገጥ።

አምስተኛ፦ የሥራውን ሂደት መለካት

አብዛኛው ወርኃዊ ሪፖርት ሂደቱን በአንድ የመቶኛ ቁጥር ይገልጻል። ይህ ቁጥር ለክፍያ ያገለግላል፤ ስለ ውሃው ግን የሚናገረው ትንሽ ነው። አንድ 6,000 ሜትር ርዝመት ያለው ሁለተኛ ደረጃ ቦይ እንውሰድ፤ የአፈር ሥራው ከጠቅላላው ዋጋ 35፣ የኮንክሪት ሽፋኑ 40፣ መዋቅሮቹ 25 ከመቶ ይይዛሉ። የአፈር ሥራው 5,400 ሜትር፣ ሽፋኑ 2,400 ሜትር ደርሷል፤ ከ24 መዋቅሮች 6ቱ አልቀዋል። ሲሰላ 31.5፣ 16 እና 6.25 ሆኖ ድምሩ 53.75 ከመቶ ነው። ሪፖርቱ ከግማሽ በላይ ተሠርቷል ይላል። ነገር ግን ከራስጌው 900 ሜትር ላይ ያለው ከልቨርት ካልተጀመረ፣ ዛሬ ውሃ ቢለቀቅ የሚደርሰው እስከ 900ኛው ሜትር፣ ማለትም የርዝመቱ 15 ከመቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይመዝገቡ፤ አንደኛው በዋጋ የተመዘነው፣ ሁለተኛው ከራስጌ ጀምሮ ሳይቋረጥ የተጠናቀቀው ርዝመት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በየወሩ እየሰፋ ከሄደ ተቋራጩ ቀላሉንና ብዙ የሚያስከፍለውን ሥራ እያስቀደመ፣ አስቸጋሪዎቹን መዋቅሮች እየተወ ነው ማለት ነው። ይህን በግልጽ ለማየት በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ መስመሩን በየ100 ሜትሩ ከፋፍለው ለጽዳት፣ ለቁፋሮ፣ ለሙሌት፣ ለሽፋን፣ ለመገጣጠሚያና ለመዋቅር የተለያየ ረድፍ ይስጡ፤ የተፈተሸና ያለፈውን ብቻ በቀለም ይሙሉ። ተሠርቶ ያልተፈተሸው ባዶ ይቀመጥ። ይህ ወረቀት በሳይት ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም ሰው የሚያየው ይሁን።

ቀሪውን ጊዜ ሲያሰሉ በወር 30 ቀን ብለው አይጀምሩ። ከላይ ባለው ምሳሌ 3,600 ሜትር ሽፋን ይቀራል። ከጥር 1 እስከ ግንቦት 30 ያሉት 150 ቀናት ናቸው። እሑዶች፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ፋሲካና ሌሎች በዓላት ሲቀነሱ፣ በብዙ የገጠር አካባቢ ደግሞ ሠራተኛው ሥራ የማይነካባቸው ወርኃዊ በዓላት ሲታሰቡ 110 የሥራ ቀን ብቻ ይቀራል እንበል። በቀን ወደ 33 ሜትር ማፍሰስ ያስፈልጋል። ያለፈው ወር አማካይ 18 ሜትር ከነበረ ሥራው 200 የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን አቋርጦ የሚሄድ ነው፤ በክረምት ደግሞ የተቆፈረ ቦይ ይደረመሳል፣ የተሞላ አፈር ይታጠባል። ይህ ስሌት በጥር ከተሠራ ተቋራጩ ሁለተኛ የኮንክሪት ቡድንና ተጨማሪ ማደባለቂያ እንዲያስገባ ለመጠየቅ ጊዜ አለ። በግንቦት ከተሠራ የሚጠቅመው ለደብዳቤ ብቻ ነው።

የክረምት መግቢያ ሲቃረብ አዲስ ቁፋሮ ከመክፈት ይልቅ የተከፈተውን መዝጋት ይቅደም። ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ በ2 ሳምንት ውስጥ የማይሸፈን ቁፋሮ እንዳይከፈት መስማማት ብዙ ድካም ያድናል።

ስድስተኛ፦ መዝገብ፣ ትእዛዝና ክፍያ

በየቀኑ የሚሞላ አንድ ገጽ ይኑር፦ የአየሩ ሁኔታ፣ የሠራተኛ ብዛት፣ የማሽን ሰዓት፣ የተሠራው ቦታ ከስንት እስከ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የገባና የወጣ ቁሳቁስ፣ የተደረገ ሙከራና ውጤቱ። ፎቶግራፍ ሲነሣ የቦታው መለያ ቁጥርና ቀኑ በሰሌዳ ተጽፎ አብሮ ይታይ፤ መለያ የሌለው የቦይ ፎቶ ከሌላው ስለማይለይ ዋጋ የለውም።

ጉድለት ሲታይ በቃል ብቻ አይነገር። በሳይት መጽሐፉ ላይ ቦታው፣ ጉድለቱ፣ የተጣሰው የዝርዝር መግለጫ አንቀጽ እና የማረሚያው ቀን ይጻፍ፤ የተቋራጩ ተወካይም ይፈርምበት። ቀኑ ሲደርስ ተመልሶ ታይቶ ተዘግቷል ወይም አልተዘጋም ተብሎ ይጻፍ። ነገር ግን ደብዳቤ ብቻ የሚጽፍ፣ ፎርማኑን አክብሮ የማያናግር ተቆጣጣሪ ሥራው አይሰምርለትም። ፎርማኑን ጋሼ ብሎ ቀርቦ፣ አንዱን ፓነል አብሮ ለክቶ ምክንያቱን ያስረዳ ሰው በሌለበት ቀን እንኳ ሥራው በልኩ ሲሠራለት አይቻለሁ።

በክፍያ ሰርተፍኬት ውስጥ የሚገባው በጋራ የተለካ፣ የሙከራ ውጤቱ የተያያዘለት ሥራ ብቻ ይሁን። የ28 ቀን ውጤቱ ያልደረሰ ኮንክሪት እንዴት እንደሚያዝ ውሉ የሚለውን ይከተሉ፤ ውሉ ዝም ካለ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ። በሌላ በኩል ትክክለኛ ሥራ የሠራ ተቋራጭ ክፍያው በተቆጣጣሪው መዘግየት ምክንያት ሊጓተትበት አይገባም፤ ሲሚንቶና ነዳጅ መግዣ ያጣ ተቋራጭ በቀጣዩ ወር ጥራት ላይ ይቆጥባል።

ሰባተኛ፦ የውሃ ሙከራና ርክክብ

ውሃው በአንድ ጊዜ አይለቀቅ። መጀመሪያ እስከ አንድ አራተኛ ቁመት ሞልቶ አንድ ቀን ማቆየት፣ ዳርቻውን ከውጭ በኩል በእግር መመልከት፣ ከዚያ ወደ ግማሽ፣ በመጨረሻም ወደ ሙሉ ቁመት ማድረስ ነው። ሲቀነስም ቀስ ተብሎ ይቀነስ፤ ቦዩ ባንዴ ሲራቆት ከኮንክሪቱ ጀርባ በአፈሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ፓነሉን ገፍቶ ያነሣዋል።

ስርገቱን፣ ማለትም ከቦዩ ሾልኮ የሚጠፋውን ውሃ፣ ለመለካት ከ100 እስከ 200 ሜትር ያለውን ክፍል በሁለቱም ጫፍ በጊዜያዊ ግድብ ዘግተው ይሙሉ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ ይለኩ። በአጠገቡ ውሃ የተሞላ ሰፊ በርሜል አስቀምጠው በትነት የጠፋውን ይቀንሱ። ከላይ በጠቀስነው ቦይ ውስጥ 80 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ውሃ የላይ ስፋቱ 3.4 ሜትር፣ ኮንክሪቱን የሚነካው ዙሪያ 3.9 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው 6 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ከዚህ ውስጥ 0.6 ሴንቲ ሜትሩ በትነት ከሆነ፣ 5.4 ሴንቲ ሜትር በስፋቱ ተባዝቶ በዙሪያው ሲካፈል በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 47 ሊትር ያህል ይሆናል። በደንብ ለተሠራ የኮንክሪት ሽፋን ብዙውን ጊዜ 30 ሊትር ገደማ እንደ መለኪያ ስለሚያዝ፣ ይህ ክፍል መገጣጠሚያዎቹ አንድ በአንድ መታየት አለባቸው።

ለጊዜያዊ ርክክቡ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የሚቋቋመው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ተወካዮች በቦታው ይገኙ፤ የቀሩት ሥራዎች ዝርዝር በሚረዱት ቋንቋ ይነበብላቸው። እንደተሠራ የሚያሳየው ንድፍ፣ የመዝጊያዎቹ ቁልፎችና የቤንች ማርኮቹ ዝርዝር በእጃቸው ይግባ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የጉድለት ማረሚያ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ በውስጡ አንድ ሙሉ ክረምት እንዲይዝ ይጠንቀቁ። መስከረም ላይ ጎርፉ ሲያባራ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ተመልሰው መስመሩን ይሂዱበት፤ በዚህ ጊዜ ግን ከራስጌ ሳይሆን ከግርጌ ይጀምሩ። የመጨረሻው ገበሬ ማሳ ላይ ቆመው ውሃው ባለፈው በጋ በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደደረሰው፣ ሲደርስም ምን ያህል እንደነበር ይጠይቁት። ከዚያ ወደ ላይ እየወጡ ውሃው የቀረበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ያገኙትንም ስንጥቅ፣ ስምጥና ሽንቁር በመለያ ቁጥሩ መዝግበው፣ ከክፍያው ተቀንሶ የተያዘው የመያዣ ገንዘብ ሳይለቀቅ ለተቋራጩ ይላኩ።